እማዬ የምትከፍተው ክዳን

ጥር 4፣ ሰኞ

ዛሬ እናቴ በሰው ፊት «ሲስተር» ብላ ጠራችኝ። ያውም አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ሲስተር፣ ጫማዬን ላውልቅ?» ብላ ሚዛኑ አጠገብ ስትቆም ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እቴቴ ደግሞ ከኋላዋ ቆማ፣ አይታኝ የማታውቅ ለመምሰል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የልብ ሥዕል ታጠናለች። አክስቴ ማስመሰል አልፈጠረባትም። የማታውቀኝ ሳይሆን የተጣላችኝ ነው የመሰለችው።

«ስምዎን ይንገሩኝ፣ እናቴ» አልኳት እማዬን። በዕድሜ ለገፉት ሁሉ የምለው ነው። እሷ ግን ከንፈሯን ነከሰች።

የሠራተኛ ዘመድ ጥናቱ ውስጥ አይገባም የሚለው ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል። እየገባሁ እየወጣሁ አነበዋለሁ። ግን ሰው ጠፋ! የምንፈልገው የደም ግፊቱ ገና መጨመር የጀመረ፣ መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ነው። ሦስት መድኃኒት በትንሽ በትንሹ ያለበት አንድ ክኒን በጊዜ ቢጀመር ልብንና አንጎልን ይጠብቅ እንደሆነ ለማየት። ሳይቃጠል በቅጠል መሆኑ ነው። ታዲያ ያልታመመ ሰው ማን ክሊኒክ ይመጣል? ዋናው ሐኪም በየስብሰባው «ሰው አምጡ! ሰው!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። እኔም አመጣሁ። ሁለቱም ግፊት አላቸው፤ ሁለቱም «እኔ ምን ሆኜ ነው ሐኪም ቤት የምሄደው» ባዮች ናቸው። እዚህ ከገቡ ቢያንስ በየወሩ አያቸዋለሁ። ማንን ጎዳሁ?

ጥር 6፣ ረቡዕ

ለእያንዳንዱ ሰው የማስረዳው ንግግር አለኝ። በእንቅልፌም ሳልወጣው አልቀርም። «ክኒኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መድኃኒት አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። መልካቸው አንድ ነው። የትኛው ለማን እንደሚደርስ ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል። እርስዎ አያውቁም፣ እኔ አላውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም።» እዚህ ላይ ሁሌም አንድ ሰው ይስቃል። ዛሬ አንድ ጡረተኛ ሹፌር፣ «ታዲያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነው የምትነዱን?» አለኝ። «ካወቅን ዓይናችን ያዳላል፣ አባቴ» አልኩት። ጥሩ መልስ ነው። ሁሌ ይኼንኑ ነው የምለው።

ቤት ስገባ ሁለቱ እህትማማቾች በጠርሙሱ ክዳን ሲታገሉ ደረስኩ። ክዳኑ ሕፃናት እንዳይከፍቱት ተጭነው የሚያዞሩት ዓይነት ነው። የእቴቴ ጣቶች በቁርጥማት ስለተቆለመሙ አልሆነላትም። ክዳኑን ረገመችው፣ የሠራውን ሰው ረገመችው፣ ቀጥላ እኔን። በመጨረሻ እማዬ ፈረደች፤ ሁለቱም ጠርሙስ በእሷ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ትከፍታለች፣ አንዱን ክኒን ለራሷ፣ ሌላውን በመዳፏ ይዛ ግቢውን ተሻግራ እቴቴ ክፍል።

ደስ አለኝ። ስንቱ ሰው መዋጡን ይረሳል! የኔዎቹ ግን ጠባቂ አላቸው።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ሥራ በሥራ ላይ። ምሳ አልበላሁም። እማዬ ጨው ትታለች፤ ወጡ እንደ እጣቢ ሆኗል። በእግሯም መሄድ ጀምራለች፣ እስከ ገበያው ደርሳ ትመለሳለች። እቴቴ «ያለ ጨው ከመኖር ከጨው ጋር መሞት» ብላለች።

የካቲት 2፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ወር ቀጠሮ ነበር። የእማዬ የላይኛው ቁጥር ከ148 ወደ 132 ወርዷል። መለኪያውን ይዤ ልዘል ነበር። የእቴቴ ግን ከ152 ወደ 157 ወጣ። ከ160 ካለፈ በዕለቱ ለዋናው ሐኪም ይነገራል፤ ሰውየው ከጥናቱ ወጥቶ የታወቀውን መድኃኒት ይጀምራል። ማንም እንዳይጎዳ የተዘረጋ መረብ ነው ይኼ ደንብ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚለውን እቴቴን አልጠየቅኳትም፤ «የለም» ብዬ ሞላሁት። በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ደግሞስ እቴቴን ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? አነጣጠሷን እንኳ ለይቼ የማውቃት ሴት ናት።

ማታ ከእማዬ ጋር አንሶላ ስናጥፍ፣ እሷ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዤ፣ አፌ አላርፍ አለ።

«ያንቺ እኮ እውነተኛው ነው።»

«ምኑ?»

«ክኒኑ ነዋ! ይኼን ያህል ዓመት ግፊት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቁጥር ዝም ብሎ እንዲህ አይወርድም። እቴቴን ግን ባዶው ሳይደርሳት አልቀረም።»

አንሶላውን ይዛ ቆመች። «ባዶ ማለት... ጭራሽ ምንም የሌለው?»

«ምንም።»

«አይ እቴቴ! ዕድሜዋን ሙሉ ዕጣ ወጥቶላት አያውቅም።» ከዚያ ደግሞ፣ «ታዲያ መቀየር አይቻልም?»

«እማዬ! ደንብ ነው።»

«መልካቸውስ ይለያያል?»

«አንድ ናቸው። ቀጭኑ ራሱ አይለያቸውም።» ቀጭኑ የምንለው ጠርሙሱን የሚያድለውን ፋርማሲስት ነው።

ዝም አለች። እማዬ ዝም ስትል የተስማማች ይመስለኛል። ልጅነቴን ሙሉ እንደዚያ ሲመስለኝ ኖሯል።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ስወጣ እማዬ እቴቴ በር ላይ ቆማ፣ «ዋጥሽው? አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ እስቲ!» ትላለች። እቴቴም፣ «ምን ነካሽ አንቺ፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ እኮ!» ግቢው በሳቅ ሞላ። እማዬ ሰሞኑን ደስ ደስ ብሏታል። ልብስ ስታሰጣ ታንጎራጉራለች።

ለእናቴ ያንን መናገር አልነበረብኝም። ግን ምን ያመጣል? እሷ ለማን ትናገራለች።

የካቲት 13፣ ዓርብ

የእቴቴን መነጽር ፍለጋ ቦርሳዋን ብከፍት የጉልበት ማስታገሻ አገኘሁ። አንድ ቅጠል ክኒን አይደለም፣ ሱቅ ልትከፍትበት የምትችለውን ያህል ነው። ይኼ ማስታገሻ ግፊት ይጨምራል! ሰው ሁሉ የሚጠየቀውን ጥያቄ እሷን ብጠይቃት ኖሮ መጀመሪያውኑ አውቀው ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጉልበቴ ከታመመ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ፣ ወሬኛ?» ወሬኛ ነው የምትለኝ፣ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ።

ሁሉንም ወሰድኩባት። በምትኩ የሚቀባ ገዛሁላት። እንግዲህ ምክንያቱ ታወቀ። ቁጥሩ ይወርዳል። እንዲያውም የሷም ክኒን እውነተኛው ሊሆን ይችላል እኮ፤ ማስታገሻው ይሆናል ሥራውን ያበላሸበት። ይኼ ሐሳብ ለምን ቀድሞ እንዳልመጣልኝ እንጃ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለእማዬ ልነግራት አስቤ ተውኩት፤ አንዴ በተናገርኩት ላይ ሌላ መጨመር ነው።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

እቴቴ ጆሮዋ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል አለች። ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል። እንቅልፍ ማጣት ነው።

እማዬ ምሳ ዕቃዬን ስትሰጠኝ፣ «ባዶውን የሚውጥ ሰው ምን ይሆናል?» አለችኝ። «ምንም አይሆንም፣ በነበረበት ነው» አልኳት። «እንደሱ ከሆነ ጥሩ ነው» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ለእህቷ ተጨንቃ ነው። አንጀቴን በላችው።

የካቲት 30፣ ሰኞ

የእማዬ 124። ልጃገረድ ሆናለች። ቀጭኑ ሳይቀር «እኚህ እናት ምን ነካቸው፣ ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚያረጁት?» አለ።

የእቴቴ 168።

ደረጃ ወጥታ ነው አልኩ። አሳርፌ ለካኋት፤ 164። ደንቡ ሁለቴ ለክተሽ አማካዩን ጻፊ ይላል። እኔ ግን ውኃ ሰጠኋት፣ መስኮት ከፈትኩላት፣ ስለ ጎረቤታችን ዶሮ አወራኋት፣ የመለኪያውን ጨርቅ ከግራ ክንዷ ወደ ቀኝ አዞርኩት። 158። እሱን ጻፍኩ። እጄ ሲጽፍ አየሁት።

ብነግረው ዋናው ሐኪም ራሱ ያስጠራታል፤ ያነጋግራታል፤ እቴቴ ደግሞ ማስመሰል አትችልም፤ በሁለት ጥያቄ «የእህቴ ልጅ እኮ ናት» ትለዋለች። በዚያ ላይ የጥናቱ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው። ማስታገሻው ከሰውነቷ እስኪወጣ ነው እንጂ ይወርዳል። 158 እኮ በዓይኔ ያየሁት ቁጥር ነው፤ አልፈጠርኩትም።

መለኪያው ባትሪው ደክሞ ይሆን? ቀየርኩት። በራሴ ለካሁ። መለኪያው ደህና ነው፤ የኔ ነው ከፍ ያለው።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ስብሰባ ነበር። የተረፈ ክኒን ቆጠራ ተነበበ። ዋናው ሐኪም ብድግ ብሎ፣ «ሁለት እናቶች አሉ፤ አንድም ቀን ያላጎደሉ፣ አንድም ያልተረፋቸው። ጥናት ማለት እንዲህ ነው! ከእነሱ ተማሩ» አለ። ማን እንደሆኑ አወቅሁ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ወንበሩ ቆረቆረኝ።

እማዬ አንድም ቀን አላጎደለችም። ታዲያ የእቴቴ ለምን ይወጣል? ባዶው ስለሆነ ነዋ። ባዶ ከሆነ ደግሞ በነበረበት 152 ይቆም ነበር እንጂ፣ ያውም ማስታገሻ ትታ። እዚህ ጋ ስደርስ ሐሳቤ ይቆምብኛል።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

መለኪያ ከክሊኒክ ይዤ መጣሁ። እቴቴን አልጋዋ ላይ ለካኋት። 174።

«ስንት ነው?» አለች።

«ትንሽ ከፍ ብሏል።»

«አንቺ ስትዋሺ አፍንጫሽ ይላብባል።»

እማዬ በሩን ተደግፋ ትሰማለች። «ይወርዳል» አለች፣ ከኔ ይልቅ እርግጠኛ ሆና። «ጥሩ መድኃኒት እኮ ነው የያዘችው። ጊዜ ይፈልጋል።» ጥሩ መድኃኒት የቱን ነው የምትለው? እማዬ አንዳንዴ የነገርኳትን ትረሳለች።

ሰኞ ለዋናው ሐኪም እነግረዋለሁ። ሁሉንም። ዘመድ መሆናቸውንም፣ 168ቱንም። ሥራዬን ቢወስድ ይውሰድ። እስከዚያው ሦስት ቀን ምን አላት።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። ቀኑን ሙሉ ከዋናው ሐኪም ጋር ተዘግተው ዋሉ። አልነገርኩትም። ነገ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

በሩ ድረስ ሄድኩ። እጄን አነሳሁ። ከውስጥ ይስቃል፤ ተቆጣጣሪዎቹ አመስግነውት ሄደዋል። ይኼን ደስታውን ዛሬ ላበላሽበት? ተመለስኩ። ኮሪደሩን ሦስቴ ተመላለስኩበት። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ «ሲስተር፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ስለ እቴቴ ነው የምጨነቀው ወይስ ስለ ራሴ? እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝ ሴት ናት። እናቴ ገበያ ስትውል የተሸከመኝ ጀርባ የሷ ነው። ነገ ጠዋት በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

እቴቴ። ኩባያው ከእጇ ወደቀ። አፏ ወደ አንድ ወገን። «ወ... ወ...» ብቻ። እማዬ ጮኸች። ታክሲ። ሐኪም ቤት ነን። ጭንቅላቷን በማሽን ፎቶ እያነሷት ነው።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ቁጭ ብዬ እስክጨርሰው ልጻፈው። ሌላ የምችለው ነገር የለም።

ስትሮክ ነው። ትንሽ የደም ሥር ተዘግታለች። ቀኝ እጇ አይታዘዝም፤ ቃላት አፏ ላይ ይጠፉባታል። ትድናለች ብለዋል፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን አያውቁም።

ትናንት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ እማዬ እጄን ያዘች። አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ የማላውቀው እርጋታ ነበር።

«ይኼ መጣ እንጂ ይብስ ነበር» አለች።

«እንዴት?»

«የኔን ነበር የምትውጠው።»

«የምን ያንቺን?»

«ክኒኑን ነዋ። አንሶላ ያጠፍን ዕለት ነገርሽኝ አይደል፣ የኔ እውነተኛው ነው፣ የሷ ባዶ ነው ብለሽ። በነጋታው የጠርሙሶቹን ክኒን ገለባበጥኩት፤ የኔን ወደሷ፣ የሷን ወደኔ። ወር ሲሞላም አዲሱን እንደዚያው። ብነግራት በጄ አትልም፤ ታውቂያት የለ? እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ለኔ ባዶም ይበቃኛል። ደግሞ እግዜር አየልኝ፤ ባዶውን እየዋጥኩ እንኳ የኔ ወረደ። አየሽ? የሰጠ አይጎድልበትም።»

ነገር ዓለሙ ዞረብኝ።  

ወዲያው ዋናው ሐኪም መጣ። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ዕጣው ይከፈታል፤ ሰውየው የቱን ይወስድ እንደነበር አካሚው ማወቅ ስላለበት። ስልክ ደወለ፣ ቁጥሩን ነገረ፣ ጠበቀ። ለተረኛዋ ሐኪም እንዲህ አላት፦

«መድኃኒቱን ነው የምትወስደው። ሦስቱንም።»

እሷም ግንባሯን ቋጠረች። «ሦስት መድኃኒት ላይ ሆና ነው እዚህ የደረሰችው? እንግዲያው አልበገር ያለ ግፊት ነው፤ ከዚያ በላይ ጠንካራ እንጨምርላታለን።» እስክሪብቶዋን አወጣች።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እቴቴ የደረሳት እውነተኛው ነበር። መጀመሪያም። ማስታገሻው እየታገለውም ቢሆን 157 ላይ ይዟት የነበረው እሱ ነው። እናቴ ከእጇ ወሰደችባትና ባዶውን ሰጠቻት፤ ያውም ምላሷን እያስነሳች። የእማዬ 124 የምን እንደሆነም ገባኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። የእማዬ ቁጥር ያማረ፣ የእቴቴ ክኒን በቆጠራ የሞላ፣ መድኃኒቱ ብቻ ያልሠራ ይሆናል። ተረኛዋ ደግሞ ከወር በላይ መድኃኒቱን ላልዋጠች ሴት እንደ ሦስት የዋጠች አድርጋ ልታዝላት ነው።

«ዶክተር» አልኩ። «አክስቴ ናት።»

ዋናው ሐኪም ዞሮ አየኝ።

«አክስቴ ናት። ሌላዋ እናቴ ናት። መድኃኒቱን የዋጠችው እናቴ ናት፤ አክስቴ ባዶውን ነው ስትወስድ የቆየችው። ባለፈው ቀጠሮ 168 ነበረች፤ እኔ 158 ጻፍኩ።»

ተረኛዋ የጻፈችውን ሰረዘች። «ካልወሰደችማ ከትንሹ ነው የምንጀምረው፣ ቀስ ብለን» ብላ ገባች። ከዚያ ሁሉ ንግግር የተጠቀመ ሰው ቢኖር እቴቴ ናት። ዋናው ሐኪም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ከእማዬ ጎን። እሷም ሰው ናትና፣ «አይዞህ ልጄ» አለችው።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ዋናው ሐኪም አስጠራኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የእናትሽንም አስከፈትኩት፤ ባዶው ነበር» አለኝ። «መጀመሪያ ላይ የወረደው ጨው ስለተወች፣ ስለተራመደች፣ ሰው ስላያት ይሆናል። ይኼ ሁሉ ግፊት ያወርዳል። አንቺ ቁጥር አይተሽ ዕጣ አነበብሽ።»

«አዎ።»

«ይኼ ነገር የተሸፈነው ሌባ ፈርተን አይደለም። ዘመድ ፈርተን ነው። አንቺ ለሰው ሁሉ የምታስረጂው እኮ ነው።»

«አዎ።»

«እኔም ሰው ሰው እያልኩ አስጨንቄያችኋለሁ» አለና መስኮቱን አየ። ለተቆጣጣሪዎቹ ሁሉንም ጽፏል። ሁለቱ ከጥናቱ ወጡ። እኔ ውሳኔ እስኪመጣ ከሥራ ታግጃለሁ። ቁልፌን ለቀጭኑ አስረከብኩ። ቀጭኑ በር ድረስ ሸኘኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። 168 ባየሁ ዕለት ብናገር እንኳ ይደረስባት ነበር። አሁን መናገሬ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

እቴቴ ቤት ገባች። በኛ ቤት፣ ከእማዬ አልጋ ጎን። አሁን ለሁለቱም የታወቀው መድኃኒት ታዟል፤ ስሙ የተጻፈበት፣ ዕጣ የሌለው። ክዳኑ ግን ያው ዓይነት ነው። እማዬ ትከፍታለች።

እጇን በኳስ አሠራታለሁ። «ጭመቂ» እላታለሁ። «ወ... ሬኛ» አለችኝ። ከተመለሱላት ቃላት አንዱ ይኼ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሚያዝያ 1፣ ሐሙስ

ጠያቂ አይጠፋም። ለመጣው ሁሉ እማዬ ታወራለች፦ «የኔን መድኃኒት ባትውጥ ኖሮ አፈር ለብሳ ነበር! እግዜር ነው በልቤ ያኖረው።» ሰው ሁሉ «እህት ማለት እንዲህ ነው» ይላል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ዛሬ አፈሰስኩት።

ምን ብዬ እነግራታለሁ? የሰባ ዓመት ሴት ናት። ከዚህ በኋላ ያለ ዕድሜዋን በዚህ እምነት ብትጨርሰው ማን ይጎዳል? «ማን ይጎዳል» ማለት ስጀምር ራሴን እፈራለሁ።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

እማዬ ጓሮ ተቀምጣ የእቴቴን ትራስ ልብስ ትሰፋለች። ከስፌቷ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ሐኪሙ ዕጣውን ከፍቶታል አይደል? የኔ ነበር እውነተኛው?»

«ጥናቱ እስኪያልቅ አይነገርም፣ እማዬ።»

መርፌዋን አቆመች። «ያኔስ ነግረሽኝ የለ?»

ተንኮል የለውም አጠያየቋ። የምር ነው የጠየቀችኝ። አፍንጫዬ ላብ ላብ ሲለው ይሰማኛል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያኔ የማላውቀውን ነው የነገርኩሽ» አልኳት። «እውነተኛው የእቴቴ ነበር።»

ወዲያው አልገባትም። ከዚያ ሲገባት በፊቷ ላይ አየሁት። መርፌው ላይ ያለውን ክር ማሳጠር ጀመረች፣ ትጠቀልለዋለች፣ ትፈታዋለች። «ከአፏ ነጥቄ ነዋ» አለች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ እኔ ባልነግርሽ—» አልኳት። «እጁ የኔ ነው» አለችና ተነስታ ገባች።

ማታ ከእቴቴ ጋር ያሉበት በር ተዘግቶ የእማዬን ድምፅ እሰማ ነበር። ረጅም ሰዓት እሷ ብቻ ተናገረች።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

ጠዋት እማዬ ጠርሙሱን አምጥታ ፊቴ አኖረችው። ዓይኗ አብጧል።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ስጫት።»

ከፈትኩት። ክኒኑንና ውኃውን ይዤ ገባሁ። እቴቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ክኒኑን ወደ ከንፈሯ ሳስጠጋው አፏን ገጠመች። ያመማት መስሎኝ፣ «ምን ሆንሽ እቴቴ? ትንሽ ነው፤ ዋጪው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። በሩን ታያለች። እማዬ ከበሩ ውጭ፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ እየታየ ቆማለች።

«እ... እሷ» አለች እቴቴ። ቃሉን ከሩቅ እንደሚያመጡት አድርጋ አመጣችው። «እሷ ት... ትስጠኝ።»

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጠርጋ ገባች። ክኒኑን ከኔ ተቀበለች። ወደ እቴቴ ስትዘረጋው አንሶላው ላይ ወደቀባት። እቴቴ በደህናው እጇ እጥፋቱን ዳብሳ ፈለገችው፣ አገኘችው፣ መልሳ የእማዬ መዳፍ ላይ አኖረችው። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ ምላሷንም አነሳች።